ከአያት ወደ ልጅ ልጅ የሚሻገር የአካባቢ ታሪክ መጻሕፍትና የህትመት ሥዕሎች ስብስብ፦ የምዝገባ፣ የአያያዝና የውርስ መመሪያ

እንግሊዛዊው ሮበርት ሃርሊና ልጁ ኤድዋርድ ሁለት ትውልድ ሙሉ መጽሐፍ ሲሰበስቡ ኖሩ። ኤድዋርድ እ.ኤ.አ. በ1741 (በዚህ መመሪያ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ሲሞት የታተሙት መጻሕፍት በጅምላ ለአንድ መጽሐፍ ነጋዴ ተሸጡና በየአቅጣጫው ተበተኑ። የእጅ ጽሑፎቹ ግን በ1753 ለሕዝብ ተገዝተው ከብሪትሽ ሙዚየም መሥራች ስብስቦች አንዱ ሆኑ፤ ዛሬም አንድ ላይ አሉ። የቤተሰቡ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ የነበረው ሃምፍሪ ዋንሊ የትኛው ጽሑፍ መቼና ከማን እንደመጣ በማስታወሻ ደብተሩ ይጽፍ ስለነበር፣ ተመራማሪዎች የብዙዎቹን መንገድ እስከ ዛሬ መከታተል ይችላሉ።

ይህ መመሪያ የአንድን አካባቢ ታሪክ የሚመለከቱ መጻሕፍት፣ ካርታዎችና የህትመት ሥዕሎች ከወላጅ ወይም ከአያት ለተረከባችሁ፣ ወይም ዛሬ ጀምራችሁ ለልጅ ልጅ ለማድረስ ለምታስቡ ነው። አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። ምስጥና ውኃ ያጠፉት ነገር ይታያል፤ የሚያውቀው ሰው ሳይጽፍ ሲሞት የጠፋው ግን መጥፋቱም አይታወቅም። ስለዚህ ሥራው በጽሑፍ ይጀምር፣ ሳጥንና መደርደሪያ ይከተል፣ አዲስ ግዢ መጨረሻ ይምጣ። አብዛኛው ሰው በተገላቢጦሽ ነው የሚሄደው።

ከማጽዳቱ በፊት ፎቶ

ስብስቡን የተረከበ ሰው ለማጽዳትና ለመደርደር ይቸኩላል። ታገሡ። መጻሕፍቱ አሁን ያሉበት ቅደም ተከተል ራሱ መረጃ ነው፤ አያት የአንዱን ሸለቆ ካርታ ከአንድ መንገደኛ የጉዞ ማስታወሻ ጎን ያቆሙት በምክንያት ሊሆን ይችላል። እያንዳንዱን መደርደሪያ ከግራ ወደ ቀኝ፣ በመጽሐፉ ጀርባ ያለው ጽሑፍ እንዲነበብ አድርጋችሁ ፎቶ አንሱ። የሳጥኖችን ክዳንና በላያቸው የተጻፈውንም አትርሱ።

በመጻሕፍቱ ውስጥ የተሸጎጠ ደረሰኝ፣ ደብዳቤ፣ የጋዜጣ ቁራጭ ስታገኙ አትጣሉ፤ እዚያውም አትተዉት። የጋዜጣ ወረቀት አሲዳማ ስለሆነ የነካውን ገጽ ቡናማ ያደርጋል። አውጥታችሁ በፖስታ አድርጉና ከየትኛው መጽሐፍ፣ ከስንተኛው ገጽ እንደወጣ በፖስታው ላይ ጻፉ። የድሮ ደረሰኝ ብዙ ጊዜ ከመጽሐፉ የበለጠ ይናገራል፦ ቀኑን፣ የሻጩን ስም፣ አንዳንዴም አብሮ የተገዛውንና ዛሬ የሌለውን መጽሐፍ።

የሚያውቀውን ሰው ማናገር

ይህን ደረጃ «በኋላ እደርስበታለሁ» ብሎ የሚያልፍ ቤተሰብ ብዙ ነው፤ የማይደረስበትም ይሄው ነው። አባት፣ አክስት፣ ከአያት ጋር መጽሐፍ ሊገዛ ይሄድ የነበረ የቤተሰብ ወዳጅ፣ ሁሉም የሚያውቁት ነገር አለ። «ስለ መጻሕፍቱ ይንገሩኝ» ብሎ መጠየቅ ግን አያስኬድም፤ መልሱ አጭርና ደረቅ ይሆናል። መጽሐፉን እጃቸው ላይ አስቀምጡና ስለ እሱ ብቻ ጠይቁ፦ ይህን ከማን አገኙት? ዳር ላይ የተጻፈው የማን እጅ ነው? በዚያ ጊዜ አይተው ሳይገዙ የተዉት ምን ነበር? የመጨረሻዋን ጥያቄ እኔ በጣም እወዳታለሁ። ሰብሳቢው ያልገዛው ነገር ለምን እንደሚሰበስብ ያሳያል፤ ወራሹም ምን እንደጎደለ ያውቃል።

በስልክ መቅዳት በቂ ነው። ቀረጻው ሲጀመር ቀኑን፣ የተናጋሪውን ስምና የመጽሐፉን መለያ ቁጥር ተናገሩ። ሁለት ሰዎች ስለ አንድ መጽሐፍ የተለያየ ነገር ቢናገሩ ዳኛ አትሁኑ። «እገሌ እንዲህ አሉ፤ እገሊት እንዲህ አሉ» ብላችሁ ሁለቱንም አስፍሩ።

የወሰን ገጽ

አንድ ገጽ ወረቀት ላይ ስብስቡ ምን እንደሆነ ጻፉ። የትኛውን አካባቢ ይመለከታል? ከየትኛው ዘመን እስከ የትኛው? በየትኞቹ ቋንቋዎች? የአስተዳደር ወሰን በየዘመኑ ስለሚቀያየር አካባቢውን በወንዝ፣ በተራራ ወይም በከተሞች ዝርዝር መግለጽ ይሻላል። የቦታ ስሞች የድሮና የአሁን አጻጻፍ ዝርዝር ከዚሁ ገጽ ጋር ይያያዝ፤ ያለዚያ ልጆቻችሁ በአሁኑ ስም ፈልገው የድሮውን ካርታ ያጡታል።

ወሰኑ ካልተጻፈ እያንዳንዱ ትውልድ ስብስቡን ወደ ራሱ ፍላጎት ይጎትተዋል፤ በሦስተኛው ትውልድ ላይ የአካባቢ ታሪክ መሆኑ ይቀርና ቤቱ የአሮጌ መጽሐፍ መጋዘን ይሆናል። ገጹ ሊሻሻል ይችላል፤ ሲሻሻል ግን ያሻሻለው ሰው ስሙንና ቀኑን ይጻፍበት፣ የቀድሞውም ይቀመጥ።

ዋጋቸው ትንሽ የሆኑ ወረቀቶችን ከወሰኑ አታስወጡ። የትምህርት ቤት የዓመት መጽሔት፣ የማኅበር መተዳደሪያ ደንብ፣ የባቡር የጊዜ ሰሌዳ፣ የስልክ ማውጫ፣ የምርጫ በራሪ ወረቀት፣ ፖስትካርድ። በቆዳ የተጠረዘው ትልቅ የታሪክ መጽሐፍ በብዙ ቤተ መጻሕፍት ይገኛል፤ ሠላሳ ገጽ ያላት የገበሬዎች ማኅበር ሪፖርት ግን ከእናንተ ቤት በቀር የትም ላትኖር ትችላለች።

መዝገቡ

ለእያንዳንዱ ዕቃ የማይደገም መለያ ቁጥር ስጡ። ቁጥሩ ስለ ይዘቱ ምንም ባይናገር ይመረጣል፤ 0001 ብሎ መጀመር በቂ ነው። በርዕስ ወይም በመደርደሪያ ላይ የተመሠረተ ቁጥር መጽሐፉ ቦታ ሲቀይር ትርጉም ያጣል። ቁጥሩን በለስላሳ እርሳስ በመጽሐፉ የኋላ ሽፋን ውስጠኛ ጥግ፣ ለሥዕል ደግሞ በጀርባው የታች ኅዳግ ላይ በቀስታ ጻፉ። እስክሪብቶ፣ ማርከርና ተለጣፊ ወረቀት በምንም ምክንያት አይነኩት።

በመዝገቡ የሚሰፍረው ይህ ነው፦ ደራሲ፣ ሙሉ ርዕስ፣ የታተመበት ቦታ፣ አሳታሚ፣ ዓመት፣ ስንተኛ እትም፣ ቁመቱ በሴንቲሜትር፣ የገጽ ብዛት፣ የሥዕልና የካርታ ብዛት፣ ያለበት ሁኔታ፣ የተቀመጠበት መደርደሪያ። ቀጥሎ ብዙዎች የሚዘሉት ይመጣል፦ ከማን፣ መቼ፣ በስንት ተገኘ፤ በውስጡ ያሉት ፊርማዎች፣ ማኅተሞችና የባለቤት ምልክቶች ምን ይላሉ፤ ቤተሰቡ ስለ እሱ ምን ይናገራል።

የሥዕልና የካርታ ብዛቱን ስትጽፉ አንድ በአንድ ቁጠሩ። ብዙ መጻሕፍት መጀመሪያ ወይም መጨረሻ ላይ የሥዕሎች ዝርዝር አላቸው፤ ከዝርዝሩ ጋር አመሳክሩ። ታጥፎ የሚገባ ካርታ ከሁሉም በፊት የሚጠፋው ነው፤ ተቀዶ ይወጣል፣ ወይም ግድግዳ ላይ ይሰቀልና እዚያው ይቀራል። የገጽ ቁጥር በሌላቸው ወይም በተዛባባቸው የድሮ መጻሕፍት ላይ በገጹ ግርጌ ያሉትን የጥራዝ ምልክት ፊደላት ተከተሉ፤ የጎደለ ቅጠል በእነሱ ይታወቃል።

መዝገቡን በማንኛውም የሠንጠረዥ ፕሮግራም መያዝ ይቻላል። በየዓመቱ ግን ማንም ፕሮግራም ሊከፍተው በሚችል ቀላል የጽሑፍ ፋይል አስቀምጡት፤ አንድ ቅጂም የአይ.ኤስ.ኦ 9706 መስፈርት በሚያሟላ ዘላቂ ወረቀት ላይ አትማችሁ አስጠርዙ። የኮምፒውተር የይለፍ ቃል ከባለቤቱ ጋር ሊቀበር ይችላል፤ የተጠረዘ መዝገብ ግን ማንም ይከፍተዋል።

ሥዕሎቹን መለየት

የህትመት ሥዕል ማለት ከእንጨት፣ ከብረት ወይም ከድንጋይ ላይ ወደ ወረቀት የታተመ ምስል ነው። በቤተሰብ ስብስብ ውስጥ ከመጽሐፉ ይልቅ በስሕተት የሚመዘገበው እሱ ነው። 10 እጥፍ የሚያጎላ መነጽርና በጎን የሚበራ መብራት ያዙ።

በመጀመሪያ የፕሌት፣ ማለትም ሥዕሉ የተቀረጸበት የብረት ሰሌዳ፣ አሻራ ፈልጉ። በመዳብ ላይ የተቀረጸ ሥዕል ሲታተም እርጥብ ወረቀት በከባድ መጭመቂያ ከፕሌቱ ጋር ስለሚጫን በሥዕሉ ዙሪያ አራት ማዕዘን የሆነ ጎድጓዳ መስመር ይቀራል። መስመሮቹ በመነጽር ሲታዩ ጥርት ያሉ ናቸው፤ ቀለሙም ከወረቀቱ ከፍ ብሎ ይታያል። መዳብ ለስላሳ ስለሆነ ብዙ ቅጂ ሲታተምበት ያረጃል፤ የኋለኞቹ ቅጂዎች የደበዘዙ ናቸው። ከ1820ዎቹ ጀምሮ ብረት ሲተካው ብዙ ሺህ ቅጂ ማተም ተቻለ፤ በዚያ ዘመን የታተሙ የከተማና የመልክዓ ምድር ሥዕሎች መስመራቸው እንደ ፀጉር የቀጠነው ለዚህ ነው። የፕሌት አሻራ አለመኖር ብቻውን ፍርድ አይደለም፤ ጠራዡ ኅዳጉን ቆርጦት ሊሆን ይችላል።

የእንጨት ቅርጽ ህትመት በተቃራኒው ይሠራል፦ ቀለም የሚይዘው የተቀረጸው ጎድጓዳ ሳይሆን ጎልቶ የቀረው ክፍል ነው። ስለዚህ ከፊደል ጋር በአንድ ገጽ አብሮ መታተም ይችላል። የመስመሩ ጠርዝ ላይ ቀለም ተጨምቆ ወጥቶ የጠቆረ ዳር ይፈጥራል። ሊቶግራፍ ደግሞ አሎይስ ሰነፌልደር በ1790ዎቹ መጨረሻ ባቫሪያ ውስጥ ያገኘው ስልት ነው፤ ዘይትና ውኃ ስለማይዋሃዱ በድንጋይ ላይ በቅባታማ ቀለም የተሣለው ብቻ የኅትመት ቀለሙን ይይዛል። በመነጽር ሲታይ በጠመኔ የተሣለ የመሰለ ቅንጣት ይታያል፤ አሻራ የለውም። ሰነፌልደር ከሠራበት ዘመን በፊት የሚል ቀን ያለበት ሊቶግራፍ በኋላ የተሠራ ቅጂ ነው።

በመነጽሩ ሥር የምታዩት በሥርዓት የተደረደረ የነጥብ መረብ ከሆነ ግን በፎቶግራፍ ዘዴ የተሠራ ህትመት ነው፤ ይህ ዘዴ የተስፋፋው ከ1880ዎቹ ወዲህ ነው። ሥዕሉ «1650» ቢልም የያዛችሁት የዘመናችን ብዜት ነው። አትጣሉት፤ በትክክል መዝግቡት። አያት እንደ ዋና ቅጂ ሲያዩት ኖረው ከሆነ ያንንም ጻፉ።

ወረቀቱም ይመሰክራል። ወደ ብርሃን ስትይዙት ቀጫጭን ትይዩ መስመሮችና እነሱን የሚያቋርጡ ሰፋ ያሉ መስመሮች ካሉ በሽቦ ወንፊት የተሠራ የድሮ ዓይነት ወረቀት ነው። መስመር የሌለው ልሙጥ ወረቀት በአውሮፓ መጽሐፍ ላይ የታየው በ1757 አካባቢ፣ የእንግሊዛዊው ጄምስ ዋትማን ወረቀት ሥራ ላይ ሲውል ነው። በልሙጥ ወረቀት ላይ የታተመ «የ1600ዎቹ» ሥዕል ካገኛችሁ በአሮጌ ፕሌት ላይ በኋላ የታተመ ወይም የተቀዳ መሆኑን ጠርጥሩ። የካርታ ፕሌቶች ከአሳታሚ ወደ አሳታሚ ይሸጡ ነበር፤ ስሙ ተፍቆ ሌላ ይቀረጽ ነበር፣ አንድ ፕሌትም ለአሥርት ዓመታት ይታተምበት ነበር።

ከሥዕሉ ግርጌ በላቲን የሚጻፉ ቃላት አሉ። «ዴሊኒያቪት» ማለት የነደፈው፣ «ፒንክሲት» ቀለም የቀባው ሠዓሊ፣ «ስኩልፕሲት» የቀረጸው፣ «ኤክስኩዲት» ያሳተመው ነው፤ ብዙ ጊዜ በአኅጽሮት ይጻፋሉ። ሰዎቹን ለየብቻ መዝግቡ። ቀራጩ ቦታውን ዓይቶት የማያውቅ ሊሆን ይችላል።

ይህ ለአካባቢ ታሪክ ሰብሳቢ ቀላል ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1493 በኑረምበርግ የታተመው የሃርትማን ሼድል የዓለም ዜና መዋዕል 1,809 ሥዕሎች ሲኖሩት የተቀረጹት የእንጨት ብሎኮች ግን 645 ብቻ ነበሩ። አንዱ የከተማ ሥዕል ስሙ እየተቀየረ ለተለያዩ ከተሞች አገልግሏል። ስለዚህ «የከተማችን የመጀመሪያ ሥዕል» ብሎ በፍሬም ከመስቀል በፊት ወንዙ፣ ኮረብታውና በሥዕሉ ያለው ሕንፃ ከእውነተኛው ጋር መግጠማቸውን ተመልከቱ።

ቀለም የተቀባ ሥዕልም ፈተና አለው። አብዛኛው የመዳብ ህትመት ጥቁርና ነጭ ሆኖ ወጥቶ በእጅ ነው የሚቀባው፤ አንዳንዱ በዘመኑ፣ ብዙው ለሽያጭ ሲባል በቅርቡ። የድሮው አረንጓዴ ከመዳብ ይሠራ ስለነበር ወረቀቱን እየበላ በጀርባው ቡናማ ሆኖ ይወጣል። ጀርባው ንጹሕ የሆነ ደማቅ አረንጓዴ ጥርጣሬ ይጭራል።

አቀማመጥ

ዕድሜው የበዛው ይበልጥ ደካማ ነው ብላችሁ አትጀምሩ። ከጨርቅ የተሠራው የ1600ዎቹ ወረቀት ብዙ ጊዜ ነጭና ጠንካራ ነው። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ጀምሮ ወረቀት ከእንጨት ሲሠራና በአሉምና በሙጫ ሲታከም ግን አሲድ ይዞ መጣ፤ ስለዚህ የቅድመ አያት ዘመን መጽሔት ጠርዙ እንደ ደረቅ ቅጠል ይሰበራል። ጥበቃ፣ ሳጥንና ቅጂ የሚቀድመው ለዚያ ነው።

መጻሕፍት ከውጭ ግድግዳ ራቅ ብለው፣ ከወለል ቢያንስ 10 ሴንቲሜትር ከፍ ብለው ይቀመጡ። መካከለኛ መጽሐፍ ቀጥ ብሎ ይቁም፤ ትልቅና ከባዱ ይተኛ። ከመደርደሪያ ስታወጡ ራሱን አትጎትቱ፤ ግራና ቀኝ ያሉትን ወደ ውስጥ ገፍታችሁ ወገቡን ያዙት። የአየሩ እርጥበት ከ65 በመቶ ሲያልፍ ሻጋታ ይነሣል፤ ርካሽ የእርጥበት መለኪያ ገዝታችሁ ክፍሉ ውስጥ አኑሩ። ከአማካይ ልኩ በላይ የሚጎዳው መዋዠቁ ነው፤ ቀን ግሎ ሌሊት የሚበርድ ጣሪያ ሥርና ምድር ቤት ለዚህ ነው የማይሆኑት።

ሥዕሎች ከአሲድ ነፃ በሆነ ፎልደር ውስጥ ተኝተው ይቀመጡ። ፕላስቲክ ከተጠቀማችሁ ፖሊስተር ይሁን፤ ፒ.ቪ.ሲ እያደር ጎጂ ጋዝ ይለቃል። የሚሰቀል ሥዕል 50 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ) ገደማ ብርሃን ይበቃዋል፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ወርዶ ሌላ ይተካው። ብርሃን ያጠፋውን ቀለም የሚመልስ ባለሙያ የለም። መስታወቱ ሥዕሉን እንዳይነካ በመካከል ወፍራም የካርቶን ኅዳግ ይግባ።

የተቀደደ ገጽ ስታዩ ስኮች አትለጥፉ፤ ሙጫው ከዓመታት በኋላ ቡናማ ሆኖ ወረቀቱ ውስጥ ይሰርጋል። የጥገና ባለሙያ በቀጭን የጃፓን ወረቀትና በስንዴ ስታርች ሙጫ የሚጠግነው ከተፈለገ በውኃ ተመልሶ እንዲነሣ ነው። በቤት ውስጥ ከዚህ ያነሰ ነገር አትሞክሩ፤ ገጹን በቦታው መልሳችሁ መጽሐፉን በጥጥ ክር እሰሩት። ጓንትን በሚመለከት፣ ለወረቀት የታጠበና የደረቀ እጅ ከጥጥ ጓንት ይሻላል፤ ጓንት ጣትን ያደነዝዝና ገጽ ይቀዳል። ለፎቶግራፍ ግን ጓንት ይልበስ።

ብል ወይም ትል ያገኛችሁበት መጽሐፍ አየር በማያስገባ ፕላስቲክ ታሽጎ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ በሚደርስ ማቀዝቀዣ ውስጥ ሁለት ሳምንት ይቆይ፤ ሲወጣም ወደ ክፍሉ ሙቀት እስኪመለስ አንድ ቀን ሳይከፈት ይቀመጥ። ውኃ የነካው መጽሐፍ በ48 ሰዓት ውስጥ ሊሻግት ስለሚችል፣ ለማድረቅ ጊዜና ቦታ ከሌላችሁ ማቀዝቀዝ ጊዜ ይገዛል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የተጠረዙ፣ ሽፋናቸው ደማቅ አረንጓዴ ጨርቅ የሆኑ መጻሕፍት በአርሴኒክ የተቀለሙ ሊሆኑ ይችላሉ። በአሜሪካ የዊንተርተር ሙዚየም ባለሙያዎች ከ2019 ጀምሮ እንዲህ ያሉትን እየመረመሩ መዝግበዋል። እንዲህ ያለውን በጓንት ያዙ፣ በፖሊስተር ከረጢት ለይታችሁ አስቀምጡ፣ ልጆች አይንኩት።

አዲስ ሲገዛ

ግዢ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ ምክንያቱም መዝገቡ ምን እንዳላችሁና ምን እንደጎደላችሁ ይነግራችኋል። ሻጩን ከየት እንዳገኘው ጠይቁ። የቤተ መጻሕፍት ማኅተም ካለበት «ከስብስቡ ወጥቷል» የሚል ምልክት ፈልጉ፤ ከሌለ ቤተ መጻሕፍቱን ጠይቃችሁ ብቻ ግዙ። ለብቻው የሚሸጥ የተቆረጠ ካርታ የበለጠ ጥንቃቄ ይሻል። በ2005 በዬል ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ወለል ላይ ከወደቀ ምላጭ የተነሣ የተያዘ አንድ ታዋቂ የካርታ ነጋዴ 97 ካርታዎች መስረቁን አምኗል፤ የገዙትም ሰብሳቢዎች ካርታውን ለመመለስ ተገደዋል። ሥዕሉን ለመሸጥ ተብሎ ሙሉ መጽሐፍ የሚበተንበት ንግድም አለ። ሕጋዊ ቢሆንም እኔ አልደግፈውም።

ዲጂታል ቅጂ

ለሥዕልና ለካርታ 400 ወይም 600 ዲ.ፒ.አይ (በአንድ ኢንች ውስጥ ያሉ ነጥቦች ብዛት) በቲፍ የምስል ፋይል በቂ ነው። የተጠረዘን መጽሐፍ ስካነር ላይ ጨፍልቃችሁ ጀርባውን አትስበሩ፤ በግማሽ ከፍታችሁ ከላይ በካሜራ አንሱ። የፋይሉ ስም ከመለያ ቁጥሩ ይጀምር። ሦስት ቅጂ ይኑር፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከቤት ውጭ። በቀላሉ ሊተካ የሚችል መጽሐፍ ስካን በማድረግ ጊዜ አታባክኑ፤ ደካማዎቹ መጽሔቶች፣ በራሪ ወረቀቶችና ዳሩ ላይ የቤተሰብ ጽሑፍ ያለባቸው ገጾች ይቅደሙ።

ውርስ

ሰር ቶማስ ፊሊፕስ በዓለም ካለው መጽሐፍ ሁሉ አንድ አንድ ቅጂ ለመያዝ የተመኘ እንግሊዛዊ ነበር። በ1872 ሲሞት የተወው ኑዛዜ መጻሕፍቱ ከቤቱ እንዳይወጡ፣ ማንም መጽሐፍ ነጋዴ እንዳያስተካክላቸው፣ የበኩር ልጁና ባሏም እንዳያዩአቸው ይከለክል ነበር። በ1885 ፍርድ ቤት ክልከላው እጅግ የጠበቀ ነው ብሎ ፈታው፤ ሽያጩም ከ100 ዓመት በላይ ወሰደ። ወራሹን በሰንሰለት የሚያስር ኑዛዜ የሚያስረው ጠበቃዎችን ነው።

የሚሻለው በሕይወት እያላችሁ አንድ ባለአደራ መምረጥ ነው። ባለአደራ መሆን የግድ ብቸኛ ባለቤት መሆን አይደለም፤ ዋጋው ለወንድምና እህት በሌላ ንብረት ሊካካስ ይችላል። ይህ በጽሑፍ፣ በሁሉም ፊርማና በአገሩ ሕግ በሚጸና መልክ ይሁን። መጻሕፍቱን ለየልጁ ማካፈል ፍትሕ ይመስላል፤ ውጤቱ ግን ቅጽ አንድ አንድ ከተማ፣ ቅጽ ሁለት ሌላ ከተማ ነው። ለእያንዳንዱ ልጅ የመዝገቡን ቅጂና የመረጠውን አንድ መጽሐፍ ስጡ፤ የወጣው መጽሐፍ መዝገቡ ላይ የሄደበት ይጻፍ።

ባለአደራው በሃያ ዓመቱ እንዲወደው ከፈለጋችሁ በአሥር ዓመቱ የራሱ መደርደሪያ ይኑረው። ምን እንደሚሰበስብ አትምረጡለት። በአካባቢው ታሪክ ወሰን ውስጥ እስከሆነ ድረስ የእግር ኳስ ቡድን የጨዋታ ወረቀትም ይሁን አሮጌ የትምህርት ቤት ፎቶ፣ መለያ ቁጥር ሰጥታችሁ በቤተሰቡ መዝገብ ውስጥ አስገቡለት።

የሚረከብ ከሌለ ደግሞ ለቤተ መጻሕፍት ወይም ለቤተ መዛግብት መስጠት አለ። መጻሕፍቱን በመኪና ጭናችሁ አትሂዱ፤ መዝገቡን ብቻ ላኩ። ተቋሙ ያለውን ቅጂ ደግሞ አይወስድም፤ ስለዚህ የሚፈልገውን እንዲመርጥ ፍቀዱ፣ የተረፈውን ሸጣችሁ ገንዘቡን ለተሰጠው ክፍል ማደራጃ ማዋል ትችላላችሁ። በስጦታ ውሉ ውስጥ ሦስት ነገር ይካተት፦ የቤተሰቡ ስም በካታሎጉ እንዲጠቀስ፣ መዝገቡና የድምፅ ቀረጻዎቹ ከመጻሕፍቱ ሳይለዩ እንዲቀመጡ፣ ተቋሙ አንድ ዕቃ ወደፊት ሊያስወግድ ሲፈልግ አስቀድሞ ለቤተሰቡ እንዲያሳውቅ። የማይሠራ አድራሻ ዋጋ የለውምና፣ የቤተሰቡ ተወካይ በተቀየረ ቁጥር አዲሱን ስምና አድራሻ ለተቋሙ በደብዳቤ ላኩ።